ስክሪኑ ወረቀት ነኝ አይበል

ሰሞኑን አንድ ነገር እያናደደኝ ነው። በዓል ሲቃረብ የዲጂታል ስክራፕቡክ ማስዋቢያዎችን ማገላበጥ ልማዴ ነው። ዘንድሮ ሳያቸው ግማሾቹ ማስመሰል ብቻ ሆነው ታዩኝ። ማንም ያልመታው የስቴፕለር ሽቦ። ማንም ያልሰፋው ክር። የተቀደደ የሚመስል ግን ማንም ያልቀደደው የወረቀት ጠርዝ። የኩባያ ቂጥ ያረፈበት የሚመስል ክብ እድፍ እንኳን አለ፣ በጥሩ ጥራት የተዘጋጀ፣ ዙሪያው ባዶ ተደርጎ የትኛውም ገጽ ላይ እንዲቀመጥ የተሠራ። እድፍ ዳውንሎድ እናደርጋለን እንግዲህ!

ነገሩን ለማታውቁት፣ ስክራፕቡክ ማለት ፎቶ፣ ጽሑፍ፣ ትኬት፣ ቁርጥራጭ ወረቀት፣ ብቻ ከአንድ ቀን የተረፈውን ሁሉ አንድ ገጽ ላይ አስማምቶ መለጠፍ ነው። ልማዱ አሮጌ ነው። ማርክ ትዌይን፣ አዎ ደራሲው፣ እ.ኤ.አ. በ1873 ገጾቹ ቀድመው ሙጫ የተቀቡ ደብተር ሠርቶ የፈጠራ መብት አውጥቶበታል። ሙጫውን በውሃ ማራስ፣ መለጠፍ፣ አለቀ። ጣቱ ላይ የሚደርቅ ኮላ አስመርሮት ይሆናል ብዬ እገምታለሁ። ዲጂታሉ ደግሞ ያንኑ ሥራ በኮምፒውተር ወይም በስልክ መሥራት ነው። ኮላ የለም፣ ቁርጥራጭ መጥረግ የለም፣ ያልወደዱትን ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል።

ግን የዲጂታሉ መንደር አንድ አባዜ አለበት፤ ወረቀት መምሰል። የገጹ ልክ ራሱ ከወረቀቱ የተወረሰ ነው፣ 12 በ12 ኢንች። በ300 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ሲሰላ 3600 በ3600 ፒክስል ይሆናል። ከዚያ የጥላ ጉዳይ ይመጣል። ፎቶው ከሥሩ ካለው ወረቀት ትንሽ ከፍ ያለ እንዲመስል ጥላ ይደረግለታል። ጥላውም ሕግ አለው። ብርሃኑ ከላይ ከግራ ከመጣ የሁሉም ጥላ ወደ ታች ወደ ቀኝ መውደቅ አለበት፣ አለዚያ ዓይን ወዲያው ይነቃል። ወረቀት በወረቀት ላይ ሲተኛ ጥላው ቀጭን ነው። ሪባን ወይም አበባ ሲሆን ሰፋና ደብዘዝ ይላል። ይህን ሁሉ አውቀዋለሁ፣ ስንት ምሽት እንደበላብኝ ባልነግራችሁ ይሻላል። ከዚያ ሁሉ ልፋት በኋላ ገጹን ያየ ሰው የሚለው "ውይ፣ እውነተኛ ይመስላል" ነው። እውነተኛ ከተፈለገማ መቀሱ መሳቢያ ውስጥ አለ።

ስለዚህ ዘንድሮ ሥራውን ለሁለት ከፈልኩት። ስክሪኑ ስክሪን ይሁን፣ ወረቀቱም ወረቀት።

ስክሪኑ የሚችለውን ልንገራችሁ። አንድን ገጽ አንዴ ሠርቼ ለእህቶቼም ለወንድሜም እኩል መላክ እችላለሁ። "ዋናው አልበም ማን ጋ ይቀመጥ" የሚባል ጭቅጭቅ የለም። የደበዘዘ ፎቶ ቀለሙ ይመለሳል። የተሸበሸበው ይቃናል። ጽሑፉ ሲረዝምብኝ ፎቶውን አሳንሼ ቦታ እሰጠዋለሁ። ይህንን ወረቀት ላይ አልሞክረውም፣ አንዴ የተቆረጠ ፎቶ ተቆረጠ ነው። እነዚህን ለማድረግ ደግሞ የውሸት ስቴፕለር አያስፈልገኝም። ነጭ ገጽ፣ አንድ ትልቅ ፎቶ፣ ሁለት ትንንሾች፣ ከጎን ሰፋ ያለ ጽሑፍ። ባዶ ቦታ ሲተርፍ ባዶውን እተወዋለሁ። መጀመሪያ ላይ እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር፣ የሆነ ጥግ ላይ ኮከብ ካላስቀመጥኩ የሚል።

ትልቁ ራስ ምታት ማስዋቡ ሳይሆን የፎቶው ጥራት ነው። ከእህቴ ጋር በየዓመቱ የምንጣላው በዚህ ነው።

"ፎቶውን ላኪልኝ ስልሽ እንደ ፋይል ላኪው ማለቴ ነው።"

"ያው ፎቶ አይደል እንዴ?"

አይደለም! በመልእክት መላኪያ አፕ እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ አፑ ያሳንሰዋል፣ ይጨምቀዋል፣ የተነሳበትን ቀንና ሰዓት የያዘውን መረጃም ብዙ ጊዜ ያራግፈዋል። ስልክ ላይ ሲታይ ምንም ልዩነት የለውም፣ ለዚያ ነው እህቴ የማታምነኝ። ሲታተም ነው ጉዱ የሚታየው። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ 1200 ፒክስል ስፋት ያለው ፎቶ ለ300 ሲካፈል 4 ኢንች ነው። ከዚያ በላይ በለጠጥኩት ቁጥር ይደበዝዛል። ሙሉ ገጽ ልሙላበት ካልኩማ የሰው ፊት ደብዝዞ ቁጭ ይላል። እንደ ፋይል ሲላክ ግን እንዳለ ይደርሳል፣ ቀኑም አብሮት። ቀኑ ደግሞ ለኔ ከጥራቱ ያልተናነሰ ነው። ከዓመታት በኋላ "ይሄ የትኛው በዓል ነበር?" ሲባል የሚያስታርቀን እሱ ብቻ ነው።

ሌላው ጄፔግን፣ ያንን የተለመደ የፎቶ ፋይል፣ ደጋግሞ ሴቭ ማድረግ ነው። በየጊዜው ተከፍቶ፣ ተነካክቶ እንደገና በተቀመጠ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ጥራት ይጥላል። እየሠራሁ ያለሁትን ገጽ ሌየሮቹ፣ ማለትም አንዱ በአንዱ ላይ የተደረቡት የገጹ ንብርብሮች፣ ሳይጣበቁ በፕሮግራሙ በራሱ ፋይል አስቀምጣለሁ፣ ጄፔግ የማደርገው ለመላክ ስዘጋጅ ነው። ቅጂውም ሦስት ቦታ ይኖራል፤ ላፕቶፑ ላይ፣ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ አንዱ ደግሞ ከቤት ውጭ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ፣ እለፉት።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። የድሮ ፎቶዎችን ስካን ሳደርግ የቆየሁት ለዚህ በዓል ገጽ ነው፣ እና አንድ ነገር ገረመኝ። ሰው ሁሉ ፊት ለፊቱን ስካን ያደርግና ይመልሰዋል። ጀርባውስ? የእናቴ ፎቶዎች ጀርባቸው ላይ ጽሑፍ አለ። በእስክሪብቶ፣ ዘንበል ባለ እጅ፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን እንዳነሳው፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ቀልድ። አንዱ ላይ "ጫማው የተውሶ ነው" ይላል። የማን ጫማ እንደሆነ እሷም ረስታዋለች፣ ብጠይቃት ሳቀችብኝ። እንዲህ ያለውን ነገር የትኛው ማስዋቢያ ይተካዋል? ጀርባውን እንደ ፊቱ ስካን አደረግኩ፣ በ600 ዲፒአይ፣ ማጉላት ካስፈለገኝ ብዬ። ከዚያ ገጹ ላይ አምጥቼ ሌየሩን መልቲፕላይ በሚባለው ላይ አደረግኩት። ይህ ዘዴ ነጩን ያጠፋና ጥቁሩን ያስቀራል። ወረቀቱ ቢጫ ከሆነ ቢጫነቱም ይቀራል፣ ስለዚህ አስቀድሜ ብርሃኑን ከፍ አድርጌ ነጭ አስመሰልኩት። እና የእናቴ የእጅ ጽሑፍ ገጹ ላይ በቀጥታ የተጻፈ ሆኖ ቁጭ አለ። እስካሁን ፎንት ስመርጥ የኖርኩት ለምን እንደሆነ እንጃ።

የራሴንም ጽሑፍ እንዲሁ ጀመርኩ። ነጭ ወረቀት፣ ጥቁር እስክሪብቶ፣ ስካን። እጄ አያምርም። "ሀ" ሁልጊዜ ከመስመር ትወርዳለች። ግን የልጅ ልጅ አንድ ቀን ቢያየው የኔ መሆኑን ያውቃል፣ ፎንቱን ግን ማንም ይጠቀምበታል።

አንዳንድ ፎቶዎች ደግሞ ከአልበሙ አልወጣ አሉ። ገጹ የሚያጣብቅ፣ ከላይ ላስቲክ የሚለበስበት ያ የድሮ አልበም ትዝ ይላችኋል? ሙጫው ከጊዜ በኋላ ፎቶውን ነክሶ ይይዛል። በጥፍር መፈልቀቅ ፎቶውን ማጠፍ ነው። ቀጭን የጥርስ ክር ከሥሩ አስገብቶ ቀስ እያሉ መጋዝ ይረዳል፣ አልሆን ካለ ግን እዚያው አልበሙ ውስጥ እንዳለ ስካን ማድረግ ነው። ጀርባውን ማየት ባልችልም ፊቱ ተርፏል። ቢጫ የሆነ የጋዜጣ ቁራጭ ካለም ከፎቶ ጋር አብሮ አይተኛ። ጋዜጣ ከእንጨቱ የሚመጣው ሊግኒን የሚባል ነገር ስላለበት ነው የሚያረጀው፣ አሲዱም ጎረቤቱን ይበክላል። ለአዲስ ሥራ አሲድ የሌለው ወረቀት ይሻላል።

ወደ መቀሱ። በዓል ያለ ወረቀት ሥራ አይታየኝም። ካርድ፣ ኮከብ፣ የቀለበት ሰንሰለት፣ መስኮት ላይ የሚለጠፍ የበረዶ ቅንጣት። ወረቀት ላይ ደግሞ ትዕግሥቴ ሌላ ነው። ማስመሰል የሚባለው ነገር እዚህ የለም፣ ጥላውም ራሱ ይወድቃል።

ካርድ የሚሠራ ሰው መጀመሪያ ሊያውቅ የሚገባው የወረቀቱን ውፍረትና የክሩን አቅጣጫ ነው ባይ ነኝ። ተራው የፎቶ ኮፒ ወረቀት በካሬ ሜትር 80 ግራም ነው። አንድ ኤ4 ወረቀት የካሬ ሜትር 1/16 ስለሆነ 5 ግራም ብቻ ይመዝናል። በዚህ የተሠራ ካርድ ጠረጴዛ ላይ ሲያቆሙት ይዘምማል። ከ200 እስከ 300 ግራም ያለው ወፍራም ወረቀት ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ግን ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። የሚሰነጠቀው ክሩን ተሻግሮ ሲታጠፍ ነው። ወረቀት ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ ክሮቹ በብዛት ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛሉ። ለማወቅ ሳይታጠፍ በእጅ ለመጠቅለል ያህል ጎበጥ ማድረግ ነው፣ አንዴ በቁመቱ፣ አንዴ በወርዱ። በቀላሉ ሲታዘዝ ክሩ የተኛው በጥቅሉ ርዝመት ነው፣ እጥፋቱም ከዚያ ጋር ትይዩ ይሁን። ከማጠፍ በፊት ደግሞ ማስመሪያ አስደግፎ ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ መስመር መጫን። ቀለም ያለቀባቸውን እስክሪብቶዎች የማልጥለው ለዚህ ነው፣ እህቴ ቆሻሻ ሰብሳቢ ትለኛለች።

ኮላ ላይ ብዙ አልልም። ነጩ ኮላ ውሃ ስላለበት ወረቀቱን ያሸበሽበዋል፣ በጣም በስሱ ተቀብቶ ከባድ መጽሐፍ ይጫንበት። ለፎቶ ባለሁለት ፊት ፕላስተር እመርጣለሁ።

የበረዶ ቅንጣቱ ላይ ግን ግትር ነኝ። አብዛኛው ሰው ወረቀቱን በግማሽ፣ በግማሽ፣ እንደገና በግማሽ ያጥፍና ይቆርጣል። ሲፈታ ስምንት ጎን ይወጣዋል። ያምራል፣ ግን የበረዶ ቅንጣት ስድስት ነው። ኬፕለር፣ ያ የፕላኔቶችን እንቅስቃሴ ያጠናው የሥነ ፈለክ ሊቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1611 ለምን ሁልጊዜ ስድስት እንደሚሆን ተመራምሮ ጽፎበታል። ዛሬ መልሱ ይታወቃል፤ ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ ሞለኪዩሎቹ ስድስት ጎን ባለው አደራደር ይያያዛሉ። በወረቀት ለማምጣት በግማሽ ከታጠፈ በኋላ ያንን ግማሽ ሦስት ቦታ እኩል ማጠፍ ነው፣ እያንዳንዱ 60 ዲግሪ። መጀመሪያ በዓይን ይስታል፣ በወረቀት የተቆረጠ መለኪያ ካዘጋጁ ግን ልጅም ይችለዋል። እዚህ ላይ ማሽን እንዲቆርጥልኝ አልፈልግም። ከመቀሱ ትንሽ የሳተው ጎን ሲፈታ ስድስት ቦታ ይደገማል፣ ያኔ ስህተቱ ንድፍ ይሆናል።

ሁለቱን ዓለም ስለማገናኘት ሳስብ የመጀመሪያው ለገበያ የወጣ የገና ካርድ ይታወሰኛል። እ.ኤ.አ. በ1843 ለንደን ውስጥ ሄንሪ ኮል የሚባል ሰው ለወዳጆቹ ሁሉ ደብዳቤ መጻፍ ስለከበደው ሠዓሊውን ጆን ሆርስሊን ሥዕል አስሠራ። ሥዕሉ በማተሚያ ተባዛ፣ ቀለሙ ግን በእጅ ተቀባ፣ የተቀባዩና የላኪው ስም ቦታም ባዶ ቀረ። ይህ አከፋፈል እስካሁን ይሠራል ብዬ አምናለሁ። መደጋገሙን ለማሽን፣ ቀለሙንና ስሙን ለእጅ። እኔም ዘንድሮ ጥለቱን ላፕቶፕ ላይ ሣልኩ፣ በወፍራም ወረቀት ላይ አሳተምኩ። ስክሪን ላይ ደማቅ የነበረው ቀይ ሲታተም ጠቆር ብሎ ወጣ፣ ስክሪን ራሱ ስለሚያበራ ወረቀት አይደርስበትም፣ ስለዚህ ሁሉንም ከማሳተሜ በፊት ያንን ናሙና አይቼ አፈካሁት። የቀረው በእጅ ነው። መቁረጥ፣ ማጠፍ፣ ስም መጻፍ። ውስጡ ላይ የሚጻፈውን ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ለማድረግ እየሞከርኩ ነው፣ ከሁሉም እሱ ነው የሚያደክመው። "መልካም በዓል" ብሎ ማለፍማ ቀላል ነበር።

ነገ የፖስታዎቹ ተራ ነው። ካርዶቼ ኤ6 ናቸው፣ 105 በ148 ሚሊ ሜትር፣ ሲ6 ፖስታ ደግሞ 114 በ162 ስለሆነ በምቾት ይገባሉ። ኮከብ ተደራርቦ የተለጠፈባቸው ግን ስለወፈሩ ፖስታው አልዘጋም ብሏቸዋል። እነሱን በአካል ለማገኛቸው ሰዎች ለይቼ አስቀምጫለሁ፣ የእህቴም እዚያ ውስጥ ነው። ፎቶውን እንደ ፋይል እስክትልክልኝ ግን አልሰጣትም።