ከኖራ ጋር የዋልኩበት ቅዳሜ

ዛሬ የዋልኩት ሽንት ቤት ውስጥ ነው። አትሳቁ! የድሬን ውሃ ታውቁታላችሁ፤ ኖራው ማንቆርቆሪያም አይምርም። የሽንት ቤቴ መቀመጫ ውስጥ ቡናማ ቀለበት ሠርቶ ድንጋይ ሆኗል። ወር ሙሉ በረኪና ሳፈስበት ከረምኩ። ለካ በረኪና ቀለሙን ያነጣል እንጂ ኖራውን አያሟሟም።

ጎረቤቴ እማማ «አቼቶ አድርጊበት እንጂ ልጄ» አሉኝ። ከአሸዋ ገበያ 2 ጠርሙስ ገዛሁ። በፊት ግን በረኪናው እስኪጠራ ደጋግሜ ውሃ ለቀቅኩበት። በረኪናና አቼቶ ከተገናኙ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ የኔ መስኮት ደግሞ መሀረብ ነው የሚያህለው። ከዚያ ውሃውን በጣሳ ቀድቼ አወጣሁ፣ ሶፍት በአቼቶ ነክሬ ቀለበቱ ላይ ለጠፍኩ። ለ4 ሰዓት ያህል ተውኩት። በብሩሽ ስፈትገው እየተቀረፈ ወረደ!

ከስር አንዲት ግትር መስመር ቀርታለች። ነገ እመለስባታለሁ።