"በማን በኩል መጡ?" - የ2017 ሒሳቤ

ጳጉሜን ላይ ክሊኒኩ ጭር ይላል። ሰው የበዓል ሽርጉድ ላይ ነው። እኔም አጋጣሚውን ተጠቅሜ ዓመቱን ሙሉ የሞላናቸውን የታካሚ ካርዶች አውጥቼ አንድ በአንድ ማየት ጀመርኩ።

ካርዱ ላይ ከስምና ከስልክ ቁጥር ዝቅ ብሎ "በማን በኩል መጡ?" የምትል መስመር አለች። እንግዳ ተቀባያችን ማንንም ሳታልፍ ትጠይቃለች። መልሱ "ጎረቤቴ"፣ "ዶክተሩ ልኮኝ"፣ "ቲክቶክ ላይ አይቼ"፣ "ታፔላውን አይቼ" ነው። ለማስታወቂያ ያወጣሁትን ብር ደግሞ በሌላ ደብተር ይዣለሁ። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያቸው ብዙ ነገር ተገለጠልኝ፤ ሳይጠፋብኝ ልጻፈው።

ለማያውቀኝ ሰው፦ ጀሞ አካባቢ ትንሽ የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ አለኝ። ወገብ፣ አንገት፣ ትከሻ፣ ስትሮክ፣ ከስብራት በኋላ አልታጠፍም ያለ ጉልበትና ክርን፤ ሥራችን ይሄ ነው።

ብዙውን ብር የበላው ቡስት ነው፤ ፌስቡክ ላይ የለጠፍነውን ብዙ ሰው እንዲያየው ከፍሎ ማሰራጨት ማለት ነው። የፌስቡክ ማስታወቂያ የሚከፈለው በዶላር ስለሆነ እንደኔ ያለ ትንሽ ቢዝነስ የዶላር ካርድ ላላቸው ልጆች ብር ሰጥቶ ያስከፍላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይሄ ወጪ እየከበደ ነው የመጣው። ቡስት ስልክ ያስደውላል፣ እሱን አልክድም። ግን አብዛኛው ደዋይ የሚጠይቀው "ማሳጅ ስንት ነው?" ወይም "በአንድ ቀን ይለቅልኛል?" ብሎ ነው። በሰው አልፈርድም። ከተማው በማሳጅ ቤት ተሞልቷል። ሰው የሚጠይቀው የሚያውቀውን ነው።

ካርዶቹን ሳገላብጥ ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። በቡስት ከመጡት ብዙዎቹ ሁለት ሦስት ጊዜ ታይተው ቀርተዋል። ሕመሙ ቀለል ሲላቸው ይተዉታል። ችግሩ ሕመም ቀድሞ መሄዱ ነው። ጡንቻ የሚጠነክረው ኋላ ነው፣ ሳምንታት ይፈልጋል። መሀል ላይ የተወ ሰው ከወራት በኋላ ያንኑ ወገቡን ይዞ ይመጣል። አለዚያም "ፊዚዮቴራፒ ሞክሬ አልሠራልኝም" ብሎ ለሌላው ያወራል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው። ያንን የሰማ ሰው፣ በጊዜ ቢመጣ የሚድን ሰው፣ በር ላይ ሳይደርስ ይቀራል።

ስለዚህ ዘንድሮ ካርዶቹን የለካሁት ስንት ሰው መጣ በሚል አይደለም። ማን ጨረሰ በሚል ነው። በዚህ ሚዛን ሳየው ሒሳቡ ሁሉ ተገለባበጠ።

አንድ የማርኬቲንግ ባለሙያ በዓመቱ አጋማሽ ላይ የስትሮክ ታካሚ ከሕክምናው በፊትና በኋላ ቀርጸን እንድንለቅ መክሮኝ ነበር። "ሰው የሚያምነው ሲያይ ነው" አለኝ። እውነቱን ነው። ግን እሺ አላልኩም፣ ወደፊትም አልልም። አንድ አባት እግሩን እየጎተተ የሚለማመድበትን ቀን ሰፈር ሁሉ እንዲያየው አልፈልግም። ቤተሰብ ቢፈቅድም፣ ሰውየው ራሱ መናገር በማይችልበት ሰዓት የተሰጠ ፈቃድ እንቅልፍ አይሰጠኝም።

ይልቅ በስልክ የቀረጽናት አንዲት አጭር ቪዲዮ ሩቅ ሄደች። ሰሙነ ሕማማት ሊገባ ሲል ነው። በየዓመቱ ከስግደቱ በኋላ ጉልበታቸውንና ወገባቸውን ይዘው የሚመጡ እናቶች አሉ። ጉልበቱን የሚያመው ሰው እንዴት እንደሚሰግድ አሳየን። ከሥር ወፍራም ነገር ማንጠፍ። ሲወርዱ እጅ ቀድሞ መሬት እንዲይዝ ማድረግ። ሲነሡ ደኅናውን እግር አስቀድሞ መትከል። ጨርሶ ያልቻለ ደግሞ የንስሐ አባቱን ያማክር አልን። አንድ ብር አልከፈልንባትም። በየቴሌግራም ግሩፑ ሰው ለሰው ተቀባበላት። ከፋሲካ በኋላ "ልጄ ስልኳ ላይ አሳየችኝ" እያሉ የመጡት እናቶች ከሞላ ጎደል ሕክምናቸውን ጨርሰዋል። ምክንያቱ ይገባኛል። ከመምጣታቸው በፊት አንድ ነገር ቤታቸው ሞክረው ጠቅሟቸዋል። "ስንት ቀን ይፈጃል?" ሲሉ "ስድስት ሳምንት" ብላቸው አልደነገጡም።

ዕድሩን ደግሞ በሰፊው ልጻፈው፣ ይገባዋል።

የሰፈራችንን ዕድር ዳኛ በወርሃዊው ስብሰባ ላይ ጥቂት ደቂቃ እንዲሰጡኝ ለመንኳቸው። ከስም ጥሪው በኋላ ፈቀዱልኝ። ባዶ ጀሪካን ይዤ ነው የሄድኩት። ስለ ክሊኒኩ አላወራሁም። ውኃ የሞላ ጀሪካን እንዴት እንደሚነሣ አሳየሁ። ጀሪካኑን ወደ ሰውነት ማስጠጋት፣ ከወገብ ሳይሆን ከጉልበት መታጠፍ፣ ይዞ ሳለ ወገብን አለመጠምዘዝ። አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ።

"ልጄ፣ እኔ ሲወጋኝ እተኛለሁ። መድኃኒቱ መተኛት ነው አሉኝ።"

"እማማ፣ አንድ ሁለት ቀን ቢያርፉ ክፋት የለውም። ሳምንት ከተኙ ግን ወገብዎ ይደርቃል። ቀስ እያሉ ቤት ውስጥም ቢሆን ይራመዱ።"

ቀጥዬ ጊዜ የማይሰጠውን ምልክት ነገርኳቸው። ሽንት መቆጣጠር ካቃተ፣ ጭን መሐል ከደነዘዘ፣ እግር ከሰነፈ፣ ወደኔ ሳይሆን በቀጥታ ሆስፒታል። እኚያው እናት ተነሥተው ነጠላቸውን አጣፉና ጀሪካኑን ራሳቸው አነሡት። ከዚያ ሌሎቹም እየተነሡ ሞከሩ። ጸሐፊው ስልኬን ጠይቀው በዕድሩ መዝገብ የመጨረሻ ገጽ ላይ ጻፉት። ካርዶቹ ላይ "ከዕድር" የሚል በብዛት የሚታየው ከዚያ ወር ጀምሮ ነው።

በዕድሩ በኩል ያወቅኳቸው የሰፈር ወጌሻም አሉ። ሙያ ላይ ያሉ ጓደኞቼ ወጌሻ ሲባል ፊታቸው ይለዋወጣል። እኔ ወጌሻውን አንድ ነገር ብቻ ነው የነገርኳቸው፦ "አባባ፣ ያሰሩት እጅ ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከጠቆረ ወይም ከደነዘዘ፣ ፈተው ወዲያው ሆስፒታል ይላኩ።" ተቀበሉኝ። አሁን "ተጠግኗል ግን አልታጠፍ ብሏል" ያሉትን ሁሉ ወደኛ ይልካሉ።

ሐኪሞች ዘንድ ቢዝነስ ካርድ ማስቀመጥ ብዙም አላመጣልንም። ውጤት ያመጣው የግማሽ ገጽ ደብዳቤ ነው። ታካሚው ሲመጣ ክንዱን እስከ የት ያነሣ ነበር፣ አሁን እስከ የት ደረሰ፣ ምን ቀረው። አጥንት ሐኪም ሥራ የሚበዛበት ሰው ነው፤ የላከው ታካሚ ምን እንደሆነ የሚነግረው ካገኘ ቀጣዩንም ይልካል።

ትናንት ጳጉሜን 3 የዓለም የፊዚዮቴራፒ ቀን ነበር። ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሴፕቴምበር 8 ላይ ይከበራል፣ ይሄም በኛ አቆጣጠር ሩፋኤል ላይ ይውላል። የ2017ቱ መልእክት ጤናማ እርጅናና መውደቅን መከላከል ነበር። ከሩፋኤል የተመለሱ አረጋውያንን በነፃ አየን። ከወንበር እጅ ሳይደግፉ መነሣት፣ በአንድ እግር መቆም፤ ሌላ ምንም አይፈልግም። ልጆቻቸው አብረው ቆመው ያዩ ነበር። አንዱ ልጅ አባቱ ከወንበር መነሣት ሲያቅታቸው አይቶ "ጋሼ መቼ ነው እንዲህ የሆነው?" አለ። እዚያው ቀጠሮ ያዘላቸው።

ለ2018 የቡስቱን ብር ቀንሼ አንድ ሥራ ላይ ላውለው ነው፣ ቤት ለቤት የሚሄድ ባለሙያ መጓጓዣ ላይ። ስትሮክ ላይ ብዙው ለውጥ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው። ያን ጊዜ ብዙ ቤተሰብ ታካሚውን ከአራተኛ ፎቅ አውርዶ ማምጣት አይችልም። ሁለት ሌሎች ዕድሮችንም አነጋግሬ እሺ ብለውኛል።

ካርዱ ላይም አንዲት መስመር ተጨምራለች፣ "ጨርሰዋል?" የምትል። ዘንድሮ መሀል ላይ የቀሩትን ካርዶች ለብቻ አስሬ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጫለሁ። እንቁጣጣሽ ይለፍና ከማግስቱ ጀምሮ ራሴ እደውልላቸዋለሁ።