ሰው ነበረኝ፦ የመገጣጠሚያ ሕመሜና የኪዳነ ምሕረት ስለቴ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ይህን ምስክርነት ለመጻፍ ሰባት ዓመት ዘግይቻለሁ። ለእመቤቴ ለኪዳነ ምሕረት «ከዚህ ሕመም ካወጣሽኝ እመሰክራለሁ» ብዬ ተስዬ ነበር። ግን «ሙሉ በሙሉ ስድን» እያልኩ ከዓመት ዓመት አሳለፍኩት። ዛሬም ኪኒን እውጣለሁ። ዛሬም የቀኝ እጄ የቀለበት ጣት እንደተጣመመ ነው። በቀደም የንስሐ አባቴ ቤታችን መጥተው «ስለትሽስ?» አሉኝ። «አባቴ፣ ሳልድን ምን ብዬ ልመስክር?» አልኳቸው። ሲኒውን ከፍ አድርገው አሳዩኝና «ይህን ቡና የቀዳሽልኝ በየትኛው እጅሽ ነው?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ይኸው ጻፍኩት።

ሕመሙ የጀመረኝ በጥቅምት 2007 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ። አንድ ጠዋት ስነቃ ሁለቱም እጆቼ ተጨብጠው ቀርተዋል። ልዘረጋቸው ብል እምቢ አሉ። የጣቶቼ አንጓዎች አብጠዋል፣ ይግላሉ። የጋብቻ ቀለበቴ በሳሙናም አልወጣ አለ። «ጥቅምት አይደል፣ ብርድ ነው» አልኩ። በሳምንቱ የእግሬ ጣቶች ሥርም ጀመረኝ። ባዶ እግሬን ወለሉን ስረግጥ ጠጠር ላይ የቆምኩ ይመስለኝ ነበር።

የሚብስብኝ ጠዋት ነው። ረፋድ ላይ እየላላ ይሄዳል። ትምህርት ደግሞ 2 ሰዓት ላይ ይጀምራል። ሰውነቴ እስኪፍታታ ከሁለት ሰዓት በላይ ስለሚፈጅብኝ ከሌሊቱ 10 ሰዓት መነሳት ጀመርኩ። ሳፋ ላይ ሙቅ ውኃ አድርጌ፣ እጄን ነክሬ፣ በዚያው ውዳሴ ማርያም እደግማለሁ። ክፍል ገብቼ ጠመኔ ስይዝ በሁለት እጄ ነው። ሰሌዳው ላይ ከትከሻዬ በላይ መጻፍ ስላቃተኝ ከታች ከታች እጽፋለሁ። ልጆቹ «ቲቸር፣ አይታየንም» ይሉኛል።

ልጄ ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር። የእሷን የደንብ ልብስ ቁልፍ እኔ መቆለፍ ሲገባኝ፣ የእኔን ሹራብ እሷ ትቆልፍልኝ ነበር። ከላይ ጀምራ፣ አንድ በአንድ፣ ምላሷን በከንፈሯ ይዛ። ስትጨርስ ደረቴን መታ መታ ታደርግና «አለቀ እማዬ» ትለኛለች። በር ዘግታ እስክትወጣ እጠብቅና አለቅሳለሁ።

ምክር ሰጪው ብዙ ነበር። ብርድ ነው ያለኝ አለ። የሰው ዓይን ነው ያለኝ አለ። «ሪህ ነው፣ ሥጋ ተዪ» ሲሉኝ ሁለት ዓመት ሙሉ በፍስክም ሥጋ አልቀመስኩም። ወጌሻ ጋ ሄጄ በቅቤ ታሸሁ፤ ያበጠው መገጣጠሚያ ሲታሽ የተሰማኝን ሕመም ለጠላቴም አልመኝ። አንድ ክሊኒክ በሄድኩ ቁጥር ዲክሎፌናክ ይወጉኛል። ለሁለት ቀን ይሻለኛል፣ ጨጓራዬ ግን ተቃጠለ።

ከሁሉ የከፋው ግን አንድ መድኃኒት ቤት በወረቀት ጠቅልሎ የሰጠኝ ስሙ ያልተጻፈበት ኪኒን ነው። በዋጥኩት በሁለተኛው ቀን ዘልዬ ተነሳሁ። እግዚአብሔር ማረኝ ብዬ ሻማ አበራሁ። ከዚያ ኪኒኑ ሲያልቅ ተመልሼ እገዛለሁ። በስምንት ወር ውስጥ ፊቴ አብጦ ክብ ሆነ፣ ደም ግፊቴ ወጣ። ኋላ ሳውቅ ፕሬድኒሶሎን ነበር። መድኃኒቱ ራሱ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሐኪም መጥኖ ሲሰጠው ብዙ ሰው ይረዳል። ያለ ክትትል ለወራት ሲዋጥ ግን አጥንት ያሳሳል፣ ስኳር ያስነሳል። በአንድ ጊዜ ማቆሙም አደጋ አለው። እህቶቼ፣ ስሙን የማታውቁትን ኪኒን እባካችሁ አትዋጡ።

በግንቦት 2009 ዓ.ም. ሪፈር ተጽፎልኝ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ደረስኩ። ሐኪሙ ወጣት ነው። እጄን መዳፉ ላይ አስቀምጦ አንጓዎቼን አንድ በአንድ፣ ቀስ አድርጎ ተጫናቸው። ደምና ራጅ አዘዘ። በሁለተኛው ቀጠሮ «ሩማቶይድ አርትራይተስ ይባላል» አለኝ። ብርድም አይደለም፣ ሪህም አይደለም አለኝ። ሪህ ዩሪክ አሲድ የሚባል ነገር በደም ውስጥ በዝቶ መገጣጠሚያ ላይ ሲከማች የሚመጣ ነው፤ ብዙ ጊዜ በእግር አውራ ጣት ይጀምራል። የእኔ ግን ሰውነት ከበሽታ የሚከላከልበት ኃይል ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያ ሲወጋ ነው። ከወንድ ይልቅ ሴት ላይ ይበዛል። «ጨርሶ አይጠፋም፣ ግን ይታሰራል» አለኝ። ያቺን ቃል ጠላኋት። እኔ የምፈልገው እንዲታሰር ሳይሆን እንዲነቀል ነበር።

ሜቶትሬክሴት የሚባል መድኃኒት ጻፈልኝ። «በሳምንት አንድ ቀን ብቻ» የሚለው ላይ ሦስት ጊዜ አሰመረበት። በስህተት በየቀኑ የዋጠ ሰው ሊሞት ይችላል አለኝ። በሌላው ቀን የሚወሰድ ፎሊክ አሲድም ጨመረልኝ። እሑድ ማታን መረጥኩ። ቤት ስገባ የእህቴ ልጅ ስልኳ ላይ ፈልጋ «አክስቴ፣ ይሄ እኮ የካንሰር መድኃኒት ነው» አለችኝ። ለካንሰርም ይሰጣል፣ እውነት ነው። ለእኛ የሚሰጠው መጠን ግን ከዚያ በጣም ያንሳል። ያንን ያኔ አላወቅኩም። ሦስት እሑድ ዋጥኩ፤ አቅለሸለሸኝ፣ ሕመሙም ንቅንቅ አላለም። ለውጥ ለማየት ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት እንደሚፈጅ ነግሮኝ ነበር። ልቤ ግን አልሰማም።

ፍልሰታ ደረሰ። እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ሱባዔ ያዝኩ። አንዲት ጠበልተኛ «መድኃኒትና ጠበል አብረው አይሄዱም፣ እምነትሽ ጎድሎ ነው» አለችኝ። እሷን አልወቅስም፤ ያመነችውን ነው የነገረችኝ። ኪኒኖቼን በፌስታል ቋጥሬ ሻንጣዬ ሥር ከተትኳቸው።

በአሥራ አንደኛው ቀን ከመኝታዬ መነሳት አቃተኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ጉልበቴ ውኃ ቋጥሯል፣ እጄ ብርድ ልብስ አይገፍም። ሽንት ቤት መሄድ አለብኝ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ አስተማሪ ነኝ፣ እንደ ሕፃን ልጅ አልጋዬ ላይ ሊያመልጠኝ ነው። አጠገቤ የተኙት ከጎጃም የመጡ እናት ነበሩ። እሳቸውም ታመው ነው የመጡት። ብድግ አሉና በብብቴ ገብተው አነሱኝ። «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ አንገቴን ያዥ» አሉኝ። ዝናብ ላይ ነጠላቸውን አልብሰውኝ ወሰዱኝ፣ መለሱኝ። ከጸሎት በኋላ በሶ በጥብጠው በጣሳ አመጡ። ጣሳውን መያዝ እንደማልችል ሲያዩ ምንም ሳይሉ ከንፈሬ ላይ አደረጉልኝ። እስክጨርስ እጃቸው አልተንቀሳቀሰም። ስማቸውን እንኳ ሳልጠይቅ ተለያየን። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በ16 ዋዜማ ሌሊት ተኝቼ ለመንኩ። መስገድ አልቻልኩም፤ በእጄ ማማተብ እንኳ አልቻልኩም። ጠቋሚ ጣቴን በአውራ ጣቴ ላይ አስተላልፌ መስቀል ልሥራ ብል አልታጠፍ አለኝ። ያ ነው ከሁሉ ያሳዘነኝ። «እመቤቴ፣ ሌላው ቢቀር የማማትብበትን ጣት መልሺልኝ» አልኳት። ያኔ ነው የተሳልኩት።

ብርሃን አላየሁም። ድምፅም አልሰማሁም። ከሦስት ቀን በኋላ ወንድሜ በመኪና ቤት አወረደኝና የንስሐ አባቴን ጠራልኝ። ገብተው እንደተቀመጡ ሁሉን ነገርኳቸው። አልተቆጡኝም። «ኪኒኑ የታለ?» አሉኝ። ልጄ ከሻንጣዬ አወጣችው። ፌስታሉን ፈቱት፣ አማተቡበት፣ መልሰው ሰጧት። «ልጄ፣ ሐኪሙን የፈጠረው ማነው? ወንጌላዊው ሉቃስስ ሐኪም አልነበረም?» አሉኝ። በኤችአይቪ ጊዜ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና መድኃኒት እንደማይጋጩ፣ ሁለቱንም እንዲወስዱ ለሕሙማን በይፋ ማስተማራቸውንም አስታወሱኝ። «ኪኒንሽን በጠበል ዋጪው» አሉኝ። መድኃኒቱ ምግብ ስለሚፈልግ ጾሙንም አቀለሉልኝ። ስግደቱን ደግሞ ተቀምጠሽ ራስሽን ዝቅ አድርጊ አሉኝ።

ሐኪሙ ጋ ተመለስኩ። ይቆጣኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። «እንኳን መጡ» ነው ያለኝ። ለማቅለሽለሹ አንዱ ምክንያት ፎሊክ አሲዱን መዝለሌ ሊሆን እንደሚችል ነገረኝ። ክሎሮኪን ጨመረልኝ፤ ያ የምናውቀው የወባ መድኃኒት ነው፣ ለዚህም ያገለግላል፣ ዓይን ግን በየጊዜው መታየት አለበት። ጉበቴንና ደሜን በየቀጠሮው ይመረምራሉ። መስከረም አለፈ፣ ምንም የለም። ጥቅምትም አለፈ።

ኅዳር 21 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ የጽዮን ማርያም ዕለት፣ ለቤተ ክርስቲያን ተነሳሁ። በጨለማ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ እንደ ልማዴ አማተብኩ። ግንባሬ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ጣቴ ታጥፏል። መብራት አበራሁና አየሁት። ጠቋሚ ጣቴ አውራ ጣቴ ላይ ተሻግሮ መስቀል ሠርቷል። ደግሜ አማተብኩ። ስንት ጊዜ እንዳማተብኩ አላስታውስም። ባለቤቴ ነቅቶ «ምን ሆንሽ?» ሲለኝ እጄን ብቻ አሳየሁት።

ከቅዳሴ መልስ ቡና አፈላሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ጀበና አንስቼ አላውቅም፤ የሞላ ጀበና አንገቱን ይዞ ማዘንበል ለታመመ የእጅ አንጓ ምን ማለት እንደሆነ የታመመ ያውቀዋል። ልጄ ልትቀበለኝ ሮጠች። «ተዪኝ» አልኳት። የመጀመሪያው ሲኒ ሞልቶ ረከቦቱ ላይ ፈሰሰ። እጄ ይንቀጠቀጣል። ሁለተኛው በልኩ ሞላ። ባለቤቴ ሳይጠጣው ይዞት ቆየ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ደስታ ነው ብዬ አልዋሽም። በ2012 ኮሮና ሲገባ ክሎሮኪን ዓለም ሁሉ ይፈልገው ጀመር፣ እኔም ከአንዱ መድኃኒት ቤት ወደ ሌላው ዞሬ አጣሁት። ሁለት ወር ያለ እሱ ቆየሁ፣ እጄ እንደገና አበጠ። ዱባይ የምትኖር እህቴ በሰው ላከችልኝ። አስቀድሞ የተበላው የቀለበት ጣቴ አልተመለሰም፤ አንዴ የተጎዳ አጥንት በኪኒን አይቃናም። ቶሎ ብሄድ ኖሮ ይተርፍ ነበር። ለዚህ ነው ጠዋት ጠዋት እጃቸው የሚደርቅባቸውን ሁሉ «ነገ ዛሬ አትበሉ» የምለው። ልጅ መውለድ የምታስቡ ደግሞ ለሐኪማችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ሜቶትሬክሴት ለፅንስ አደገኛ ነው።

ኑሮዬንም ከሕመሜ ጋር አስማማሁት። ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ትቼ ባለ 5 ሊትር ገዛሁ፣ እሱንም በእጄ ሳይሆን በክንዴ አቅፌ ነው የማነሳው። እስክሪብቶዬ ላይ ጨርቅ ጠቅልዬ አወፍረዋለሁ። ጠዋት ሙቅ ውኃውን አልተውኩም፣ ውዳሴ ማርያሙንም። ሲሻለኝ እራመዳለሁ፤ ዝም ብሎ መተኛት ያደርቀኛል። ሊጥ ማቡካት የልጄ ሆኗል። አሁን አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው።

ጠበል ተጠምቀው ክራንቻቸውን ጥለው የሄዱ ሰዎች በዓይኔ አይቻለሁ። አልጠራጠርም። የእኔ መንገድ ግን ሌላ ነበር። በዓቢይ ጾም በአራተኛው እሑድ የመጻጉዕ ወንጌል ይነበባል። ሠላሳ ስምንት ዓመት የተኛው ያ በሽተኛ፣ ጌታ «ልትድን ትወዳለህን?» ሲለው፣ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደኝ ሰው የለኝም ብሎ ነው የመለሰው። ዘንድሮ ያንን ስሰማ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣል አድርጌ አለቀስኩ። እኔ ሰው ነበረኝ። በብብቴ ገብተው ያነሱኝ የጎጃሟ እናት ነበሩ። ፌስታሉን የፈቱት አባቴ ነበሩ። «እንኳን መጡ» ያለኝ ሐኪም ነበር። ቁልፌን የምትቆልፍልኝ ልጅ ነበረችኝ። አንድ ጣት ለመንኳት፣ እሷ ይህን ሁሉ ሰው ላከችልኝ።

የካቲት 16 ዣንጥላዬን አስገባሁ። እጀታውን ራሴ ይዤ።

ዛሬ እሑድ ነው። ልጄ ኪኒኖቼን ቆጥራ በሳሕን አድርጋልኛለች፣ ጠበሉንም በብርጭቆ። እየጠበቀችኝ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።