ሐምራዊው ቀስትና የታኅሣሥ ፀሐይ

ከደብሊን በስተሰሜን ምሥራቅ ባለው የሆውዝ ባሕረ ገብ መሬት ላይ አራት የእግር መንገዶች አሉ። ሁሉም ዳርት ከሚባለው የደብሊን የከተማ ባቡር ጣቢያ ይነሳሉ፤ የሚለዩት በምልክት ዘንጎቹ ላይ ባለው ቀስት ቀለም ነው። አረንጓዴው 6 ኪሎ ሜትር፣ ሰማያዊው 7፣ ቀዩ 8፣ ሐምራዊው ደግሞ 12 ነው። ከአዲስ አበባ የሄደ አንድ ጀማሪ አስጎብኚ በታኅሣሥ እንግዶቹን በሐምራዊው ይዞ ወጣ። የተነሱት በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 7 ሰዓት ነበር።

ነገሩ የተበላሸው ገና ጣቢያው ላይ ነው። ለ12 ኪሎ ሜትሩ የሚነገረው 3 ሰዓት ያህል ሳይቆም ለሚራመድ ሰው ነው። ቡድን ግን አየርላንድስ አይ የተባለችውን ደሴት ፎቶ ለማንሳት ይቆማል፣ በጠባቡ መንገድ ከፊት የሚመጣውን ያሳልፋል፤ 4 ሰዓት መያዝ ያስፈልጋል። በዚያ ወር ደብሊን ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ደግሞ 10 ሰዓት ከ10 ገደማ ነው። ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት በኋላ ሲመሽ ለለመደ ሰው ይህ በቀላሉ ይዘነጋል።

እ.ኤ.አ. በ1814 የተሠራውን የቤይሊ የመብራት ማማ አልፈው በደቡቡ ገደል ሲሄዱ አንዲት እንግዳ ውኃ ያቆረውን ጭቃ ላለመርገጥ ወደ ባሕሩ በኩል ዞር አለች። አዳለጣትና ቁርጭምጭሚቷ ወለም አላት። ወደ ገደሉ አለመንሸራተቷ እግዜር ሲጠብቃት ነው። የመንገዱ ውጪኛ ጠርዝ ከሥሩ የተሸረሸረና ልል ስለሆነ ጭቃውን በመካከሉ መርገጥ ይሻላል፤ ሰው ሲያሳልፉም በተራራው በኩል መቆም ነው።

አስጎብኚው ወደ አደጋ ጊዜ ስልክ ቁጥሩ 112 ደውሎ ከባሕር ጠረፍ ጠባቂዎቹ (ኮስት ጋርድ) ጋር እንዲያገናኙት መጠየቁ ትክክል ነበር። «የት ናችሁ?» ሲባል ግን «ከማማው ወዲያ» ብቻ አለ። ከማማው በደቡቡ ዳርቻ እስካለው ሬድ ሮክ የተባለ ቦታ ድረስ ያለው ገደል ደግሞ ረጅም ነው። አንድ እንግዳ ከስልኩ ካርታ ላይ የቦታውን መገኛ ቁጥር (ኮኦርዲኔት) አንብቦ ባይነግራቸው ፍለጋው በጨለማ ይረዝም ነበር። ቁጥሩን ማውጣት ከመነሳት በፊት መለማመድ ይገባል፤ ብርድ የስልክን ባትሪ ቶሎ ስለሚያደክም ስልኩን ኪስ ውስጥ አሙቆ መያዝም እንዲሁ።

በብርዱ ወራት ሐምራዊውን የሚሄድ ቡድን ጠዋት 4 ሰዓት ላይ መነሳት አለበት። ማማው አጠገብ ሲደርስ ከፀሐይ መጥለቂያ 3 ሰዓት ካልቀረው ደቡቡን ትቶ ሰሚት ወደተባለው የሆውዝ ከፍታ ይውጣ፤ ከዚያ ኤች 3 አውቶቡስ ወደ ከተማ ይመልሰዋል። ከቀትር በኋላ ለሚጀምር አረንጓዴው ይበቃል፤ የባሕሩ ዕይታ ከሐምራዊው አያንስም። ራስ ላይ የሚታሰር የእጅ ባትሪ ዓይነት መብራት ለአስጎብኚው ብቻ ሳይሆን ለእያንዳንዱ እንግዳ ይያዝ፤ በምሽት ብርሃን ሰማያዊውና ሐምራዊው ቀስት ስለሚመሳሰሉ ሳያበሩ መከተል አይቻልም።