ካሮትና መነጽር

ዝናቡ ዛሬ ቶሎ አባራ። ኮዬ ፈጬ፣ ኮንዶሚኒየሙ በር ላይ ካለው ጉልት አንዲት እናት ሁለት መደብ ካሮት እያስቋጠረች "ለዓይኑ ነው" አለች ለሻጯ። ልጁ አዲሱን መነጽር በሌባ ጣቱ ሽቅብ እየገፋ፣ አፈሩ ያልለቀቀውን ካሮት አፍንጫው ሥር አስጠግቶ ያያል። ሩቁ ጠርቶለትም ማስጠጋቱን አልተወም። አንጀቴን በላኝ።

ካሮት ይህን ዓይን አያስተካክልም። ሩቅ አላይ ያለ ዓይን ምግብ ጎድሎት ሳይሆን ኳሱ ከፊት ወደ ኋላ ረዝሞ ነው። የአዋቂ ሰው ዓይን 24 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ በዚያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ሲጨመር መነጽሩ ከማይነስ 2.5 የማያንስ ቁጥር ይጠይቃል። አንዴ የረዘመው ደግሞ ምንም ቢበላ አያጥርም።

የካሮት ሙያ ሌላ ነው፤ ዳፍንትን መከላከል። ቫይታሚን ኤ ሲያንስ ልጅ አመሻሽ ላይ ዱካ እያደናቀፈው ይሄዳል፤ ሲብስ ኮርኒያው፣ የዓይኑ የፊት መስታወት፣ ደርቆ ይቆስላል። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ሕፃናት በየ6 ወሩ የቫይታሚን ኤ ጠብታ የሚሰጠው ለዚህ ነው። ካሮቱም ቢሆን ያለ ቅባት ሰውነት ውስጥ በደንብ አይገባም። ጥሬውን ከማስቆርጠም ቀቅሎ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጣል ማድረግ ይሻላል። ጎመንም ያው ነው፤ እንዲያውም የሬቲናው (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ውስጠኛ ሽፋን) መሃል የሚያከማቸው ሉቲን የሚባል ቢጫ ቀለም ከካሮት ይልቅ እሱ ውስጥ ሞልቷል። የጾም ጎመናችን በዘይት ሲሠራ ግሩም ነው፤ ዘይት ተወዶ በውሃ ብቻ ሲንተከተክ ግን ጥቅሙ ይቀንሳል። ጉበት በቫይታሚን ኤ ሁሉንም ያስንቃል፤ ነፍሰ ጡር ግን ትተወው፣ ሲበዛ ፅንሱን ይጎዳል።

ማዮፒያን፣ ይህን ሩቅ አለማየት፣ ለመከላከል የሚረዳው ሰሃን ላይ የለም፤ ደጅ ነው ያለው። ክፍል ውስጥ ብርሃኑ 300 ወይም 500 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ) ቢሆን ነው፤ ደጅ ፀሐይ በወጣ ቀን ጥላ ሥር እንኳ ብዙ ሺህ ይሆናል። ያ ብርሃን ሬቲናው ዶፓሚን የሚባል ንጥረ ነገር እንዲያመነጭ ያደርጋል፤ ኳሱ እንዳይረዝም የሚይዘው እሱ ነው ተብሎ ይታመናል። ታይዋን ከ2010 ጀምሮ ተማሪዎቿን በቀን 120 ደቂቃ ደጅ ለማዋል ተነስታለች። ፀሐይዋን ማፍጠጥ አያስፈልግም፤ ኳስም ሆነ ሱዚ፣ ውጭ መሆኑ ብቻ ይበቃል። ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ግን መነጽር ከመጀመሩ በፊት ነው። ስለዚህ ከባለ መነጽሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ ገና መነጽር ያላደረገው ታናሽ ነው።

እዚህ ዳር ከተማ ልጆች ጠዋት 1 ሰዓት ሳይሞላ ሰርቪስ ይገባሉ፣ 11 ሰዓት አካባቢ ይመለሳሉ፤ አስጠኚው በር ላይ ይጠብቃል፣ ብዙም ሳይቆይ ይመሻል። ሁለቱ ሰዓት ከየትኛው ይቀነስ? ከክፍሉ፣ ከመንገዱ ወይስ ከአስጠኚው?