አዞቶባክተር ኦክስጅን ሲበዛበት ምን ይለብሳል?

አዞቶባክተር የተባለው የአፈር ባክቴሪያ ናይትሮጅንን ከአየር ይወስዳል፤ ይህን የሚሠራለት ናይትሮጅኔዝ የተባለው ኢንዛይም ግን ኦክስጅን ሲነካው ይበላሻል። ባክቴሪያው ደግሞ ያለ ኦክስጅን አያድግም። መላው ሁለት ነው፦ የገባውን ኦክስጅን ቶሎ ተንፍሶ መጨረስ፣ በውጭ በኩል ደግሞ አልጂኔት የተባለ ዝልግልግ ፖሊሳካራይድ መልበስ። የተከታተልኩት ሁለተኛውን ነው።

አፈሩን ከአቃቂ በኩል ካለው ጥቁር ኮትቻ ወሰድኩ። የሆለታው ቀይ አፈር አሲዳማ ስለሆነ አዞቶባክተር ብዙም አይስማማውም።

ለአንድ ሊትር ማብቀያ ተራ ስኳር 20 ግራም፣ ዳይፖታሲየም ፎስፌት 0.8፣ ሞኖፖታሲየም ፎስፌት 0.2፣ ማግኒዚየም ሰልፌት 0.2፣ ከዚያ ጥቂት ካልሲየም፣ ብረትና ሞሊብደነም፤ ናይትሮጅን አይገባበትም። ፒኤች 7.2። ፎስፌቱ ከካልሲየሙና ከብረቱ ጋር አብሮ ከተቀቀለ ይዘቅጣል፤ ለየብቻ አምክኖ ሲቀዘቅዝ መቀላቀል ነው።

ከፍታችንን መርሳት አያዋጣም። 2,400 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። አውቶክሌቩ (በእንፋሎት ግፊት የሚያመክነው ዕቃ) 15 ፒኤስአይ ሲያሳይ ውስጡ 121 ሳይሆን ወደ 117 ዲግሪ ስለሆነ ሰዓቱን አስረዝማለሁ። በ30 ዲግሪ አየር የጠገበ ውሃም በሊትር 7.5 ሳይሆን 5.6 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ነው የሚይዘው። ስለዚህ በመጽሐፍ ላይ በመቶኛ የተጻፈ የኦክስጅን መጠን እዚህ ያው አይደለም።

ባለ 250 ሚሊ ፍላስኮች ውስጥ 25፣ 50 እና 150 ሚሊ ሞልቼ በደቂቃ 200 ዙር አንቀጠቀጥኳቸው፤ ፈሳሹ ባነሰ ቁጥር ኦክስጅኑ ይበዛል። ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አልጂኔቱ ሲበዛ ፈሳሹ እንደ ተልባ ውሃ ይወፍርና ኦክስጅን አላስገባ ይላል፤ አየር የጠገበ ያሉት ፍላስክ ሳይታወቅ ኦክስጅን ያጣል። ያኔ ስኳሩ ፒኤችቢ ወደተባለው የውስጥ ስንቅ ይዞራል። ሱዳን ብላክ የተባለውን ቀለም ቀብቶ በማይክሮስኮፕ ማየት ያጋልጠዋል። መብራት ጠፍቶ ማንቀጥቀጫው ከቆመም ኦክስጅኑ በደቂቃዎች ያልቃል፤ ያን ፍላስክ መድፋት ይሻላል።

ሲመዘን ደግሞ አልጂኔቱ ሁሉ ፈሳሹ ውስጥ አይደለም። ኦክስጅን ሲበዛ ብዙው ካባ ሆኖ ከሴሉ ጋር ይጣበቃል፣ ሰንሰለቱም ሊረዝም ይችላል። ለ10 ሚሊ ናሙና 0.1 ሞላር ኢዲቲኤ (ካልሲየምን የሚይዝ ኬሚካል) እና 1 ሞላር ጨው አንድ አንድ ሚሊ ጨምሬ ካባውን አላቅቃለሁ፤ ከዚያ በሴንትሪፉጅ ሴሉን ለይቼ፣ ፈሳሹን በሦስት እጥፍ ቀዝቃዛ አይሶፕሮፓኖል አዝቅጬ፣ አድርቄ እመዝናለሁ። ኢዲቲኤው ከቀረ ካባው ከሴሉ ጋር ይጣልና ኦክስጅን የበዛበት ፍላስክ ድሃ መስሎ ይታያል። በሊትር ብቻ ሳይሆን በሴል ክብደትም ማካፈል ያስፈልጋል።

ለቪነላንዲ ዝርያ የታወቀው መንገድ ይህ ነው፦ አቭጂሬግ የተባለው ፕሮቲን ኦክስጅን የሚይዝ፣ ሄም ያለበት ግሎቢን አለው፤ ሳይክሊክ ዳይጂኤምፒ የተባለ መልእክተኛ ሞለኪውል ይሠራል፣ ይህም አልግ44 የተባለው አልጂኔት ቀጣይ ፕሮቲን ላይ ሲያርፍ አልጂኔት ሠሪው ማሽን ይነሳል። አሞኒየም አሲቴት 1.1 ግራም በሊትር የተጨመረበት ፍላስክ ጎን ለጎን ማስቀመጥ የግድ ነው፤ ባክቴሪያው ዝግጁ ናይትሮጅን ስላገኘ ናይትሮጅኔዝ ጠፍቶም ካባው ከኦክስጅኑ ጋር ከተለዋወጠ፣ ካባውን የሚያዘው ናይትሮጅኔዝ አይደለም ማለት ነው።