ካምፐሩን ከካሶኒው ልሰረው ወይስ ከሻንሲው?

ፒክአፕ ላይ የሚጫን ካምፐር፣ ማለትም የሚታደርበት ትንሽ ቤት፣ ያላችሁ ወይም ለመግዛት ያሰባችሁ፣ ስለ አልጋውና ስለ ምድጃው የምታወሩትን ግማሽ ያህል እንኳ ስለ ማሰሪያው ብታወሩ ደስ ይለኛል። ሰው ቤቱን ሲያማርጥ ከርሞ ማሰሪያው ላይ ሲደርስ «እሱማ በቺንጋ ጥርቅም ይደረጋል» ብሎ ያልፋል። እኔ በዚህ ጉዳይ ስብሰለሰል ቆይቼ ወስኛለሁ። ከካሶኒው፣ ከኋላው የጭነት ቦታ፣ ሳይሆን ከሻንሲው፣ መኪናውን ከሥር ከተሸከመው የብረት አጽም ጋር፣ ሞላ ባለው ማጥበቂያ። ምክንያቴን ልንገራችሁ፣ የእናንተ መኪና ሌላ መልስ ሊኖረው ይችላል።

መጀመሪያ ጉልበቱን እንወቀው። ካምፐሩ ውሃና ዕቃ ተሞልቶ 800 ኪሎ ነው እንበል። ደረቅ አስፋልት ላይ ፍሬን በኃይል ስትረግጡ መኪናው የሚቆመው የመሬት ስበትን 80 በመቶ በሚጠጋ ጉልበት ሊሆን ይችላል። ያ ማለት ካምፐሩ ወደ ጋቢናው የሚገፋው 640 ኪሎ በሚያህል ኃይል ነው። ንፋሱም አለ። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ስትነዱ ፊት ለፊት የሚመታችሁ አየር በካሬ ሜትር ወደ 47 ኪሎ የሚጠጋ ግፊት አለው፣ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ከጋቢናው በላይ የተንጠለጠለው የአልጋ ክፍል ይህንን አየር ከሥሩ እየተቀበለ ካምፐሩን ከፊት በኩል ሊያነሳው ይታገላል። በዚህ ላይ ኩርባ አለ፣ ጉድጓድ አለ፣ አጠገባችሁ ሽው ብሎ የሚያልፍ ከባድ መኪና አለ።

ስለዚህ ካሶኒው ውስጥ ከፋብሪካ የመጡት ትንንሽ መንጠቆዎች ከጨዋታ ውጪ ናቸው። ለፍሪጅና ለሞተር ሳይክል ይበቃሉ፣ ለቤት አይበቁም። ቺንጋም እንዲሁ፣ ይለጠጣል፣ ሹል ጠርዝ ላይ ከተፋተገ ይበላል። ካምፐሩን አንድ ቦታ ለማድረስ ካልሆነ በስተቀር እኔ አልተኛበትም።

የቀሩት ሦስት መንገዶች ናቸው። አንደኛው የካሶኒውን ወለል በትራፓኖ በስቶ፣ ቀለበት ያለው ብሎን አሳልፎ፣ ካምፐሩን ከውስጥ በማጥበቂያ ዘንግ መጎተት ነው። ጣሪያቸው ከፍና ዝቅ የሚል ቀላል ካምፐሮች በብዛት የሚታሰሩት እንዲህ ነው፣ ጥግ ጥጉ ላይ ባለችው ትንሽ በር እጃችሁን አስገብታችሁ ዘንጉን ታዞራላችሁ። ጥሩ ዘዴ ነው። ግን የወለሉ ላሜራ ስስ ነው፣ ያውም ሞገድ ሞገድ ያለው። ከሥር ተራ ሮንዴላ ብቻ ካስገባችሁ ብሎኑ ላሜራውን ይዞት ይወጣል። ወፍራም ሰፊ ብረት ያስፈልጋል፣ ከሞገዱ ጋር እንዲገጥም ሆኖ የተሠራ። የካሶኒውን ዓይነትም እወቁ። ፎርድ ኤፍ-150 ከ2015 ሞዴል ጀምሮ አካሉ አልሙኒየም ነው፣ የቶዮታ ታኮማ ካሶኒ ደግሞ ከ2005 ጀምሮ ብረት ሳይሆን የተጠናከረ ፕላስቲክ ነው። አልሙኒየም ላይ ባዶ ብረት አስራችሁ ውሃ ከገባበት አልሙኒየሙ ይበላል፣ ስለዚህ መሀላቸው መለያ ነገር ግድ ነው።

ሁለተኛው የካሶኒውን የጎን ግድግዳ የሚይዝ ነው፣ አንዳንዴም ከካሶኒው ሥር ከግራ ወደ ቀኝ ከሚያልፍ ብረት ጋር ይቀናጃል። ሃፒጃክ የሚባለው ዓይነት በዚህ ይታወቃል። ሥሩ ያለው ብረት ጥሩ ነው። የጎን ግድግዳውን ግን አላምነውም። ላሜራው የተሠራው ዕቃ ወደ ውጭ እንዳይወድቅ ለመከልከል ነው እንጂ ቤት ወደ ላይ ሲጎትተው እንዲችል አይደለም፣ መጀመሪያ ይጎረብጣል፣ ቀጥሎ ጥጉ ላይ ይሰነጠቃል።

ሦስተኛው ቶርክሊፍትና መሰሎቹ የሚሠሩት፣ ሻንሲው ላይ በብሎን የሚታሰርና ከመኪናው ጎን ወጣ የሚል ክንድ ነው። ጉልበቱ በቀጥታ ወደ ሻንሲው ይሄዳል፣ ካሶኒው ሸክሙን ብቻ ይሸከማል። ጥፋቱ? ዋጋው ከሁሉም ይከብዳል፣ ካምፐሩ ወርዶ ክንዱ ካልተነቀለ ደግሞ ቅልጥማችሁ ያስታውሰዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ እኔን ያከራከረኝ እሱ ነው። አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ሻንሲው ይጠማዘዛል። እንዲጠማዘዝ ነው የተሠራው። ካሶኒው በራሱ መንገድ ይከተለዋል፣ ካምፐሩ ግን ደረቅ ሳጥን ነው፣ መጠማዘዝ አይፈልግም። ከሻንሲው ጋር በደረቅ ዘንግ ካሰራችሁት ጠቡ በሙሉ የሚያርፈው ካምፐሩ ላይ ባለው መያዣ ላይ ነው። ከካሶኒው ወለል ጋር ካሰራችሁት ግን አብሮት ይወዛወዛል። ድንጋይ ለድንጋይ የሚነዱ ሰዎች ቀላል ካምፐር ወለሉ ላይ ማሰርን የሚመርጡት በዚህ ምክንያት ነው፣ ትክክልም ናቸው። የእኔ ግን ጠንካራ ግድግዳ ያለው ከባድ ነው፣ መንገዴም አብዛኛው አስፋልትና ደህና ጠጠር ነው። ለዚያ ክብደት ላሜራ አይበቃኝም። ሞላ ያለው ማጥበቂያ ደግሞ ሻንሲው ሲጠማዘዝ ትንሽ ይሰጣል፣ ሲመለስ መልሶ ይይዛል።

ሻንሲው ላይ ብየዳ የሚባል ነገር አታስነኩ። የምትገዙት ክንድ ለመኪናችሁ ሞዴል የተሠራና ባሉት ቀዳዳዎች ላይ የሚታሰር ይሁን። የፊቶቹ ማጥበቂያዎች ወደ ታችና ወደ ፊት፣ የኋላዎቹ ወደ ታችና ወደ ኋላ ቢጎትቱ ካምፐሩ ወዲያም ወዲህም መንሸራተት ይከብደዋል። ከሥሩ ወፍራም የጎማ ምንጣፍ አንጥፉ፣ ለስላሳ ፕላስቲክ ላይ ካምፐር ይንሸራተታል። ካሶኒው ፊት ለፊት ግድግዳና ካምፐሩ መሀል ያለውን ክፍተት በወፍራም እንጨት ሙሉት፣ ያ 640 ኪሎ ግድግዳው ላይ ተንደርድሮ እንዳያርፍ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ካምፐሩ ላይ ያሉትን መያዣዎች እዩ። ብዙዎቹ የተሰኩት እንጨት ላይ ነው፣ እንጨቱ ደግሞ በዝናብ ከውስጥ ይበሰብሳል። ጠንካራ ብረት ገዝታችሁ የበሰበሰ እንጨት ላይ ብታስሩት ምን ዋጋ አለው? በካቻቢቴ ጫፍ ዙሪያውን ጫን ጫን አድርጉ። ከሰመጠ እንጨቱ ይቀየር። ከልክ በላይ ማጥበቅም ያንኑ መያዣ ነቅሎ ያወጣል፣ ስለዚህ አምራቹ ያለው ልክ ላይ ስትደርሱ አቁሙ።

መንሸራተቱን ለማወቅ ርካሽ ዘዴ አለች። ካምፐሩና ካሶኒው የሚገናኙበት ላይ ፕላስተር ለጥፉና መገናኛው ላይ በምላጭ ቁረጡት። ሻካራ መንገድ ከነዳችሁ በኋላ ሁለቱ ቁራጮች ካልገጠሙ ካምፐሩ በስንት ሚሊ ሜትር እንደሄደ ታዩታላችሁ። መጀመሪያ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ነድታችሁ ወርዳችሁ እዩ፣ እንደገና አጥብቁ፣ ዳዶዎቹንም ንኩ።

ያልቆረጥኩት የኋላውን ክንድ ነው። አንዳንዶቹ የሚታሰሩት ተጎታች መሳቢያው በሚታሰርበት ቦታ ላይ ነው፣ እኔ መሳቢያውን መንቀል አልፈልግም። ሁለቱ አብረው የሚገጥሙበትን ሞዴል እያየሁ ነው፣ እስከዚያ ካምፐሩ በአራት ክሪኮቹ ላይ ቆሟል።